በፈቃድ ስለሚገቡበት ብርድ

በዚህ ዘመን በአውሮፓና በአሜሪካ ከተሞች በብዙ ሰው ቤት አንድ አዲስ ዕቃ ይታያል። ይኸውም ከጠንካራ ላስቲክ የተሠራ፥ በአየር የሚነፋ ወይም በዘንግ የሚዘረጋ፥ ሲፈልጉም ተጣጥፎ ከቁም ሣጥን ውስጥ የሚገባ የመታጠቢያ ገንዳ ነው። ቁመቱም ወርዱም ወደ 75 ሳንቲ ሜትር ስለሚሆን አንድ ሰው ጕልበቱን አጥፎ እስከ አንገቱ ይቀመጥበታል፤ የሚይዘውም ውሃ 300 ሊትር ያህል ነው። ባለቤቱ ከቧንቧ ውሃ ይሞላበታል፥ በከረጢት የተገዛ በረዶ ይጨምርበታል፥ ገና ጎሕ ሳይቀድም ልብሱን አውልቆ ይገባበታል። ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ ቈጥሮ ቆዳው እንደ በርበሬ ቀልቶ ይወጣል። ሳሙና አልያዘም፤ እድፉንም ሊያጠራ አልገባም። የገባው ለብርዱ ብቻ ነው።

ነገሩ የጤና ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለሐኪሞች መተው ይበቃ ነበር። ነገር ግን ወደዚህ ገንዳ የሚገቡ ሰዎች ስለ ጤና ብቻ አይናገሩም። ሥጋን ስለ ማስገዛት፥ ፍርሃትን ስለ ማሸነፍ፥ ምቾት ስላላላው ሰው፥ በየማለዳው ራስን ስለ መካድ ይናገራሉ። እነዚህም ከገበያ የተገኙ ቃሎች አይደሉም፤ የገዳም ቃሎች ናቸው። በኢትዮጵያ ከተሞችም ያለ ወጣት ይህን ሁሉ በስልኩ መስኮት እያየ፥ «አባቶቻችን በባሕር ውስጥ ቆመው ይጸልዩ የነበረው ይኸው አይደለምን?» ብሎ ቢጠይቅ አያስደንቅም። ጥያቄው ቀላል ይመስላል እንጂ ቀላል አይደለም። ማንም ሳያስገድደው፥ ለራሱ ሲል፥ ሰው በራሱ ላይ የሚያመጣው መከራ ምግባር ይባላልን? ወይስ እንደ ክንድ ጕልበት ያለ፥ ለደጉም ለክፉውም የሚያገለግል ችሎታ ብቻ ነው?

አስቀድሞ ብርዱ በሥጋ ላይ የሚያደርገውን ማወቅ ይገባል፤ የማያውቁትን ነገር ማመስገንም መንቀፍም ከንቱ ነውና። ውሃ ከሰውነት ሙቀትን የሚወስደው ከአየር 25 ጊዜ ያህል በሚበልጥ ፍጥነት ነው። ስለዚህ ጋቢ የደረበ ሰው በ10 ዲግሪ አየር ውስጥ ቆሞ ሲጫወት ይውላል፤ በ10 ዲግሪ ውሃ ውስጥ የገባ ሰው ግን ወዲያው ይደነግጣል። ፈቃዱን ሳይጠይቅ ደረቱ አየር ይስባል፤ ትንፋሹ ይፈጥናል፤ የልቡ ምት ይጨምራል፤ በቆዳው ሥር ያሉት የደም ሥሮች ይጠባሉ፤ የደሙም ግፊት ከፍ ይላል። ይህ የመጀመሪያ ድንጋጤ የሚቆየው ከአንድ እስከ ሦስት ደቂቃ ነው። ብርድ ባለበት አገር በወንዝና በሐይቅ የሚወድቁ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚሞቱት ብርዱ ወደ ውስጣቸው እስኪዘልቅ ቆይተው አይደለም፤ በዚሁ በመጀመሪያው ድንጋጤ ጊዜ፥ ራሳቸው ከውሃ በታች ሳለ ደረታቸው ስለሚስብ ነው። ልቡን ለታመመ ወይም የደም ግፊት ላለበት ሰው እንግዲህ ይህ ጨዋታ አይደለም፤ ለጤነኛውም ቢሆን ሌላ ሰው በአጠገቡ ሳይኖር መግባቱ ሞኝነት ነው። ከወጣም በኋላ የውስጥ ሙቀቱ ጥቂት ጊዜ መውረዱን ይቀጥላል፤ ከገንዳው የወጣ ሰው ፎጣውን ተጐናጽፎ፥ «አለፈ» ካለ በኋላ መንቀጥቀጥ የሚጀምረው ስለዚህ ነው።

ይህ ሁሉ አደጋ አለና ጥቅም የለውም ማለት ደግሞ ሐሰት ይሆናል። በ2000 የቼክ አገር ተመራማሪዎች እንደ ገለጹት፥ 14 ዲግሪ በሆነ ውሃ ውስጥ አንድ ሰዓት የተቀመጡ ወጣቶች በደማቸው ያለው ኖራድሬናሊን የሚባለው ንጥረ ነገር ከአምስት ዕጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው)። ከገንዳው የሚወጣው ሰው የሚሰማው ንቃት ከዚህ ጋር የተያያዘ ይመስላል። በ2015 በአውስትራልያ የተደረገው ምርመራ ግን ከጕልበት ሥራ በኋላ ወዲያው ወደ ቀዝቃዛ ውሃ የገቡ ሰዎች፥ ከ12 ሳምንት ልምምድ በኋላ ካልገቡት ይልቅ ጡንቻቸው ያነሰ አደገ። ብርዱ ሕመሙን ሲያስታግሥ ዕድገቱንም አስታገሠ ማለት ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበው በ2016 በሆላንድ የተገለጸው ነው። ከ3,000 የሚበልጡ ሰዎች ተመርጠው፥ ከእነርሱ ብዙዎቹ ለ30 ቀን ገላቸውን ከታጠቡ በኋላ መጨረሻ ላይ ከ30 እስከ 90 ሴኮንድ ቀዝቃዛ ውሃ በላያቸው እንዲያወርዱ ታዘዙ። በኋላም ሲቈጠር፥ ቀዝቃዛ ውሃ ያወረዱት ታመምን ብለው ከሥራ የቀሩበት ጊዜ ካላወረዱት በ29 በመቶ አነሰ። የታመሙበት ቀን ብዛት ግን አልተለየም። ይኸውም እንደ ሌላው ሰው ታመዋል፤ ነገር ግን ታመው ሳሉ ተነሥተው ሄደዋል። ይህ ውጤት ከሐኪሙ ይልቅ ለንስሓ አባት የሚጠቅም ሳይሆን አይቀርም። ውሃው ሕመሙን አላራቀም፤ ሰውየው ከሕመሙ ጋር ያለውን ውል ለወጠ እንጂ። ለብርድ የሚቀርበው ምስጋና ሁሉ ሲጣራ የሚቀረው እውነት ይህን ያህል ነው፤ ትንሽም አይደለም።

እንግዲህ ይህ የተገኘው ኃይል ምን ይባላል? ጥያቄው ከገንዳው ይልቅ እጅግ የቆየ ነው። ስለ ግሪካዊው ዲዮጋንስ ጥንታውያን ጸሐፊዎች እንደሚተርኩት፥ ይህ ፈላስፋ ሰውነቱን ለማለማመድ በብርድ ወራት በረዶ የለበሰውን የነሐስ ሐውልት ራቁቱን ያቅፍ ነበር። አንድ የስፓርታ ሰው አይቶት በርዶት እንደ ሆነ ጠየቀው። ዲዮጋንስ አልበረደኝም አለ። ስፓርታዊውም ታዲያ ምን ትልቅ ነገር እየሠራህ ነው ብሎት አለፈ። ይህ ፌዝ ብቻ አይደለም። ብርድን የለመደ ሰው ብርድ ውስጥ መቆሙ፥ ሸክም የለመደ በቅሎ ሸክም ከመሸከሙ ምን ይለያል? ልማድ ሆኖ ከተዋሐደው በኋላ ድል የሚባለው ነገር አብሮ ጠፍቶአል፤ ስለዚህ የገንዳው ሰው ዛሬ 10 ዲግሪ፥ በሚቀጥለው ወር 5፥ ከዚያም 2 እያለ ብርዱን ሲያሳድድ ይኖራል። መጨረሻ የሌለው ሩጫ ነው፤ ውሃ ግን ከዜሮ በታች በረዶ ሆኖ ያቆመዋል።

ሌላው ታሪክ ደግሞ ከዚህ የጠለቀ ነው። ዲዮጋንስ አንድ ቀን ውሃ እየወረደበት ርሶ ቆሞ ሳለ፥ በዙሪያው ያሉት ሰዎች ያዝኑለት ነበር ይባላል። ፕላቶን በዚያ ሲያልፍ፥ በእውነት ካዘናችሁለት ትታችሁት ሂዱ አላቸው። ተመልካቹ ሲሄድ እርሱም እንደሚወጣ ያውቅ ነበርና። ዛሬ ገንዳው በቤት ውስጥ ስለ ሆነ ተመልካች የለበትም ይባል ነበር፤ ነገር ግን ስልኩ ከገንዳው ፊት ለፊት ቆሞአል። ጌታ በተራራው ስብከቱ የሚጾም ሰው ፊቱን ታጥቦ፥ ራሱን ቅብዐ ቀብቶ፥ ጾሙን ከሰው እንዲሰውር ያዘዘው ይህን የሰው ልብ ስለሚያውቅ ነው። ታጥቦ መሰወር ታዘዘ፤ አሁን መታጠቡ ራሱ ለማሳያ ሆነ።

ይሁን እንጂ ይህን ብሎ በፈረንጅ ላይ መሣቅ የሚወድ አንባቢ ቢኖር ጥቂት ይታገሥ። ስንት ሰዓት እንደ ጾመ ለባልንጀራው የሚቈጥር፥ የሁዳዴን ክሳት እንደ ሽልማት የሚያሳይ፥ ስግደቱን ሰው በሚበዛበት ዐውደ ምሕረት የሚያበዛ ጿሚ የራሱን ገንዳ ተሸክሞ የሚዞር ሰው ነው፤ ልዩነቱ ገንዳው ከላስቲክ አለመሠራቱ ብቻ ነው።

የሮማው ሴኔካ ግን በዚህ ነገር ራሱን መታዘብ የሚያውቅ ሰው ነበር። ለወዳጁ ለሉኪልዮስ በጻፈው መልእክት እንደሚናገረው፥ በጕልማስነቱ የአዲስ ዓመት በዓል ሲመጣ ቪርጎ ወደሚባለው ወደ ሮማ የቦይ ውሃ ዘልሎ በመግባት በዓሉን ያከብር ነበር። ብርድ ወዳድ መባልም ደስ ይለው ነበር። ቈይቶ የቦዩ ውሃ ከበደውና ወደ ቲቤር ወንዝ ዞረ። በመጨረሻ፥ ጠና ብሎ በተሰማው ቀን እንኳ፥ የሚታጠበው በቤቱ ገንዳ፥ ፀሐይ ባሞቀው ውሃ ሆነ። ይህን ሲጽፍ አያፍርበትም፤ በፈገግታ ይናገረዋል። ሴኔካ በ65 ንጉሡ ኔሮን ራሱን እንዲገድል አዝዞት ሞተ፤ በዚያን ቀን በቪርጎ የለመደው ብርድ ምን ያህል እንደ ረዳው የሚያውቅ የለም። ሠላሳና አርባ ዓመት ስለ ሞት ማሰቡ ግን እንደ ረዳው ሞቱን የጻፉት ሰዎች ምስክር ናቸው።

ለዚህ ነገር ከሁለቱ ፈላስፎች ይልቅ ቅርብ የሆነው ምስክር አንድ የካቶሊክ ካህን ነው። ሴባስትያን ክናይፕ በ1821 በባቫሪያ ከድኻ ሸማኔ ቤት ተወለደ። ለቅስና ሲማር ሳንባውን ታመመ። በሕመሙም ጊዜ ስለ ቀዝቃዛ ውሃ ኃይል የተጻፈ አንድ የቆየ መጽሐፍ እጁ ገባና፥ በ1849 በበረዶ ወራት ዲሊንገን ከምትባለው ከተማ ወደ ዳኑብ ወንዝ እየሮጠ ይወርድ፥ ለጥቂት ቅጽበት ብቻ ይነከር፥ ወዲያው ለብሶ እየሮጠ ወደ ቤቱ ይመለስ ጀመር። ዳነ፤ በ1852 ካህን ሆነ፤ በ1855 ቮሪስሆፈን ወደምትባል መንደር የመነኮሳይያት ንስሓ አባት ሆኖ ተላከ። እዚያም የገበሬውንም የከተሜውንም ሕመም በውሃ ሲያክም ኖረ፤ ያለ ፈቃድ ያክማል ተብሎ ተከሰሰ፤ በ1886 ያሳተመው የውሃ ሕክምና መጽሐፍ ወደ ብዙ ቋንቋ ተመለሰ፤ መንደሪቱም የታወቀች ከተማ ሆነች። በ1897 ሞተ። ሕክምናው ሁሉ ዛሬ በሐኪሞች ዘንድ የተመሰከረ አይደለም፤ ለዚህ ነገር የሚያስፈልገውም እርሱ አይደለም። ክናይፕ ዕድሜው በገፋ ቍጥር ውሃውን እያለሰለሰው መሄዱ ነው የሚያስተምረው። በራሱ ሥጋ ላይ የፈጸመውን ጭካኔ በሌላው ላይ አልፈጸመም። በጕልበት ላይ ጥቂት ውሃ ማፍሰስ፥ ጤዛ ባለው ሣር ላይ በባዶ እግር መሄድ፥ የደከመውን እንደ ድካሙ ማገዝ ሆነ ሥራው። ብርዱን ለራሱ ክብር አላስቀመጠውም፤ ለሰው እስኪሆን ድረስ አሞቀው ማለት ይቻላል።

አሁን ወደ ወጣቱ ጥያቄ መመለስ ይገባል። የእናታችን የክርስቶስ ሠምራ ገድል በጣና ባሕር ውስጥ 12 ዓመት እንደ ዐምድ ቆማ እንደ ጸለየች ይናገራል። ገድሏን ያነበበ ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው ግን ውሃውን አይደለም፤ ልመናዋን ነው። የአዳም ልጆች ከጥፋት እንዲድኑ ብላ ሰይጣንን ከፈጣሪው ጋር ለማስታረቅ እስከ መለመን የደረሰች እናት ናት። ነገረ መለኮት ያውቃሉ የሚባሉ ሰዎች በዚህ ልመና ላይ ብዙ ሊሉ ይችላሉ፤ የልቧን ስፋት ግን የሚያጠብበው የለም። እንግዲህ ሁለቱ በአንድ ውሃ ውስጥ ቢቆሙ እንኳ አንዱ ለራሱ ንቃት፥ ሌላይቱ ለማታውቀው ሰው ነፍስ ቆመዋል። ቴርሞሜትሩ ለሁለቱም አንድ ቍጥር ያሳያል።

በጸበልም ዘንድ እንዲሁ ነው። በእንጦጦ ማርያም ማለዳ ጸበል የተጠመቀ ሰው ብርድ ምን እንደ ሆነ ከማንም በላይ ያውቃል። ነገር ግን የውሃውን ዲግሪ እርሱ አይወስንም፤ በሰዓትም አይለካውም። ውሃውን የሚያፈስበት ካህኑ ነው፤ በስመ ሥላሴ ያፈስበታል። በአጠገቡ የማያውቀው ሕመምተኛ ይጮኻል፤ እርሱም ይጮኻል፥ መጮኹም አያሳፍረውም። ከዚያ የሚወጣ ሰው «አሸነፍሁ» አይልም፤ «ማረኝ» ሲል የነበረ ነውና። ስለዚህ ጸበሉንና ገንዳውን ብርዳቸው አንድ ስለ ሆነ አንድ ናቸው ማለት ሕፃንን ስለሚያጥብና ሬሳን ስለሚያጥብ ውሃ አንድ ነው እንደ ማለት ነው።

ይህን ያህል ከተባለ በኋላ ግን ገንዳው ለነፍስ ምንም አይጠቅምም ብሎ መደምደም ችኰላ ይሆናል። አንድ ሰው ይታሰብ። ዕድሜው አርባ የሆነ፥ በመሥሪያ ቤቱ የተከበረ፥ በየማለዳው ከሰገነቱ ላይ ወደ በረዶው ገንዳ የሚገባ ሰው ነው። እናቱ አርጅታ አእምሮዋ ደክሞአታልና በእርሱ ቤት ትኖራለች። ቍርስ ሲቀርብ፥ «ልጄ፥ አባትህ መጣ ወይ?» ትለዋለች። አባቱ ከሞተ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። መጀመሪያ በእርጋታ ይመልስላታል፤ ሁለተኛም ይመልስላታል፤ በሦስተኛው ድምፁ ይለወጣል፤ በአራተኛው ስኒውን አስቀምጦ፥ «ስንት ጊዜ ነው የምነግርሽ!» ብሎ ይነሣል። አሮጊቲቱም ምን እንዳጠፋች ሳታውቅ እጇን ታያለች። ይህ ሰው ከአንድ ሰዓት በፊት 5 ዲግሪ በሆነ ውሃ ውስጥ ሦስት ደቂቃ ፊቱን ሳያጨማድድ ተቀምጦ ነበር።

ይህ የሆነው ግብዝ ስለ ሆነ ነው ማለት ቀላል ነው፤ ትክክል ግን አይደለም። በገንዳው ውስጥ መጨረሻውን ያውቃል። ሦስት ደቂቃ ነው፤ ሰዓቱ ይቈጥርለታል፤ ከበደኝ ካለም ይወጣል፥ የሚወቅሰው የለም። የእናቱ ሕመም ግን ሰዓት የለውም። ዛሬ ስድስት ጊዜ የጠየቀችው ነገ አሥር ጊዜ ይሆናል፤ እየተሻላትም አይሄድም፤ ታግሦ ለጨረሰ ሰው ሙቅ ሻይ አይቀርብለትም። በልክ የተሰፈረ መከራ ልክ የሌለውን መከራ አያስተምርም፤ ሁለቱ በስም እንጂ በግብር አይመሳሰሉም። አባቶች በገዳም መከራን በራሳቸው ላይ የሚያበዛውን መነኵሴ ሁሉ ከማመስገን ይልቅ የሚበድለውን ባልንጀራ የሚታገሠውን ያከበሩት ይህን ስለሚያውቁ ነው። ሰሌን ላይ መተኛትን መነኵሴው ራሱ ይመርጣል፤ ከአጠገቡ የሚተኛውን ወንድም ግን አልመረጠውም።

ሆኖም በዚያው ገንዳ ውስጥ የተማረው አንድ ነገር አለ፥ እርሱም ሊጠቅመው ይችል ነበር። ብርዱ መጀመሪያ ሲነካው ሥጋው ሁሉ «ውጣ» ብሎ እንደሚጮኽ ያውቃል። ትንፋሹን በዝግታ እያወጣ አንድ ደቂቃ ቢቆይ ጩኸቱ እንደሚበርድም ያውቃል፤ ይህን ከመጽሐፍ አልተማረውም፥ በየማለዳው በቆዳው ላይ ያየዋል። ቍጣም እንዲሁ ነው። አራተኛው ጥያቄ ሲመጣ ደረቱ ይጠባል፥ ልቡ ይመታል፥ ትንፋሹ ያጥራል፤ ሥጋው የሚያደርገው በገንዳው ውስጥ ካደረገው እምብዛም አይለይም። ያን አንድ ደቂቃ ከሰገነቱ ወደ ማዕዱ ይዞት ቢመጣ ኖሮ ስኒውን ባልጣለ፥ «ገና አልመጣም፥ እማዬ፤ እስከዚያ ቡናሽን ጠጪ» ባላት ነበር። ይህ ውሸት ነው ወይስ ምሕረት የሚለው ሌላ ክርክር ነው። ችግሩ ግን ገንዳው ይህን አያዝዘውም። ገንዳው የሚሰጠው ደቂቃውን ነው፤ ደቂቃው የማን እንደ ሆነ አይነግረውም።

ስለ ውሃውም አንድ ነገር ሳይነገር አይታለፍም። 20 ዲግሪ የሆነውን 300 ሊትር ውሃ ወደ 10 ዲግሪ ለማውረድ 33 ኪሎ ያህል በረዶ ያስፈልጋል። ብርድ ባለበት አገር በጥር ወር ይህ ከደጅ ይገኛል፤ በሌላ ስፍራ ግን በረዶውን መኪና ያመጣዋል፥ ኤሌክትሪክ ያረጋዋል። 300 ሊትር ማለት በጀሪካን ሲሰፈር 15 ጀሪካን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ለአንድ ሰው ለመጠጥ፥ ለምግብና ለንጽሕና በቀን ከ50 እስከ 100 ሊትር ያስፈልጋል። ብልህ ሰው አንዱን ውሃ እያጠራ ብዙ ቀን ይገለገልበታል፥ ይህን አለመናገር አድልዎ ይሆናል። ሆኖም ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር፥ ሠራተኛይቱ ሌሊት ተነሥታ የሞላችውን በርሜል ጌታዋ ትዕግሥት ሊማርበት ቢገባ፥ በዚያ ቤት ብርድን በእውነት የታገሠችው ማን እንደ ሆነች መጠየቅ ያሻል። እርስዋ እጇን በዚያ ውሃ ውስጥ ያቆየችው ከሦስት ደቂቃ ይበልጣል፤ ሰዓት የያዘላት ግን የለም።

ብርድንና ምርጫን አጣምሮ የያዘ ታሪክ ቢፈለግ በስንክሳር መጋቢት 13 ቀን የሚታሰቡት የሰባስትያ አርባ ሰማዕታት አሉ። በ320 ገደማ፥ በንጉሡ በሊቂንዮስ ዘመን፥ በአርመንያ ሰባስትያ ውስጥ አርባ ወታደሮች ክርስቶስን አንክድም ስላሉ ራቁታቸውን በረጋ ሐይቅ ላይ ሌሊቱን እንዲያድሩ ተፈረደባቸው። ከሐይቁም ዳር የሞቀ መታጠቢያ ቤት ተዘጋጀ፤ የካደ ሁሉ ከበረዶው ወጥቶ እንዲገባበት በሩ ክፍት ነበር። በዚያ ሌሊት ፈተናው ብርዱ ብቻ አልነበረም፤ የሚታየው ብርሃን፥ የሚወጣው ጢስና ክፍቱ በር ነበር። የገንዳው ሰውም መውጫው ክፍት ነው፤ ነገር ግን ቢወጣ የሚክደው የለም። እነርሱ ቢወጡ የሚክዱት ነበራቸው፤ ብርዱንም ብርድ ብቻ ሆኖ እንዳይቀር ያደረገው ይኸው ነው። ሌሊቱ ሲገፋ ከአርባው አንዱ አልቻለም፤ ወደ ሞቀው ቤት ሮጠ፥ ሙቀቱም ሲነካው ወዲያው ሞተ።

ያንን ቤት የሚጠብቅ አንድ ሰው ነበር። ሌሊቱን ሁሉ በእሳቱ አጠገብ ሲሞቅ ያመሸ ነው፤ ለብርድ አልተለማመደም፥ ስለ ብርድም ያሰበበት ነገር ያለ አይመስልም። ሥራው የሚወጣውን ተቀብሎ ማስገባት ብቻ ነበር። አንዱ ሲወድቅ አየ፤ ሠላሳ ዘጠኙ በጨለማ ውስጥ ሲጸልዩ ሰማ። ልብሱን አወለቀ፥ «እኔም ክርስቲያን ነኝ» ብሎ ወደ በረዶው ሄደ፤ ቍጥራቸውም እንደ ገና አርባ ሆነ።